ጋሽ ዘለቀ የበሱት ግድግዳ

ጋሽ ዘለቀ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ባለቤቴ ጌታሁን ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር፤ ጥቁር እንደለበስኩ፣ ከቤት ብዙም ሳልወጣ ነው የከረምኩት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጃቸው ሮማን መጣች። እኔን ልትጠይቅ የመጣች መስሎኝ ወንበር ሳቀርብላት እሷም ጥቁር መልበሷን አየሁ።

«አባዬ አረፈ፣ እትዬ አስካለ፤» አለችኝ። «እርስዎም ሐዘን ላይ ስለነበሩ፣ በላይ በላዩ አይሁንባቸው ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ሮማን ያን ቀን ብዙ ተቀምጣ ሄደች። እሷ ከሄደች በኋላ ብዕር ፈለግሁ። ጌታሁን ከሞተ ወዲህ ከዕድር ወረቀት በቀር የጻፍኩት ነገር የለም፤ እጄ ቀርፋፋ ሆኗል፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ቢሆንም ስለ ጋሽ ዘለቀ ሌላ ሰው እንደማይጽፍ አውቃለሁና እኔው ልጻፍ።

ጋሽ ዘለቀ እህል መርማሪ ነበሩ። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ባቄላ፣ ምስርና ሰሊጥ በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሠርተዋል። አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ካኪ ካፖርት ከላያቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። በካፖርታቸው ኪስ ጫፉ የሾለ፣ መሐሉ እንደ ቦይ የጎደጎደ ብረት ይይዛሉ። ጆንያውን በዚያ ብረት ወጋ ሲያደርጉት እህሉ እየተንሸራተተ መዳፋቸው ላይ ይፈስሳል። ሌሎቹ መርማሪዎች እህሉን ያዩታል። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ቀጥሎ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ፣ ማየቱን የመጨረሻ ያደርጉታል።

«ዐይኔን ብዙ ነጋዴ አታሎታል፤» ይሉ ነበር። «ከላይ ጥሩውን፣ ከሥር የሻገተውን እየሞላ። አፍንጫዬን ግን እስከ ዛሬ ያታለለው የለም።»

ሰፈርተኛው ከኋላቸው «ዘለቀ አፍንጫ» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እንዲያውም የሚኮሩበት ይመስለኝ ነበር።

ሰው ቤት ሲገቡ ግድግዳ ተደግፈው አይቀመጡም። ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ወደ መሐል ስበው ነው የሚቀመጡት። መጋዘን ውስጥ ጆንያን ግድግዳ አስነክቶ መደርደር ክልክል ነው፤ ርጥበት ይስባልና። ያ ሕግ ለሰውም ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ሲይዝ ጋሽ ዘለቀ ብቻቸውን መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ልጆች ይስቁባቸዋል።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር አልፈጠረባቸውም። አንድ ጊዜ ክርስትና ተጠርተው፣ ወጡን ገና ሳይቀምሱ፣ «እመቤት፣ ይሄ በርበሬ ሳይደርቅ ነው የተፈጨው። ሳይውል ሳያድር አውጪና ፀሐይ ላይ አስጪው» ብለው ባለቤቲቱን በእንግዳ ፊት አሳፈሯት። እሷም «ባቄላው ቢያልቅባቸው የሰው ጓዳ መመርመር ጀመሩ» ብላ ዓመት ሙሉ አኮረፈቻቸው። በወሩ የበርበሬውን ጣሳ ስትከፍት ነጭ ጸጉር አብቅሎ እንዳገኘችው ለእኔ በጆሮዬ ነግራኛለች። ለእሳቸው ግን አልነገረቻቸውም።

ጎረቤቶች የሆንነው በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። አውሮፕላን ሲነሣ የሁላችንም ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ የተከራየነው የቀበሌ ቤት ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል በርና አንዲት መስኮት አለው፤ የኋለኛው ክፍል ምንም የለውም። የጀርባው ግድግዳ ከዳገቱ ጋር ተጠግቶ ስለተሠራ ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሥሩን እያራሰ ያልፋል።

ጌታሁን ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። ሲታተም የተበላሸ ጋዜጣ ለሠራተኛው ይታደላልና በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ያመጣል። እኔ የዱቄት ሙጫ አፈላለሁ፤ እሱ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያለብሰዋል። እንደ ሌላው ሰው ዝም ብሎ አይለጥፍም። ርእሶቹን በመስመር ያስተካክላል፣ ፎቶዎቹን መሐል ላይ ያሰልፋል፣ ጠርዙን በምላጭ ይከረክማል። ጎረቤት ቤታችን የሚመጣው ግድግዳ ሊያነብ ነበር። «የጌታሁን ግድግዳ» ይባል ነበር። ድሃ ነበርን፤ ጌታሁን ሰው ፊት ቀና የሚልበት ነገር ቢኖር ያ ግድግዳ ነበር።

በየዓመቱ መስከረም ላይ የጀርባው ጋዜጣ እድፍ አውጥቶ፣ እዚህም እዚያም ጠቁሮ እናገኘዋለን። ክረምቱ ነው እንልና አዲሱን በላዩ ላይ እንለጥፋለን። አምስት ዓመት እንዲህ አደረግን።

ልጃችን ትዕግሥት ሦስት ዓመት ሲሞላት መተንፈስ ይቸግራት ጀመር። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ አየር ስትስብ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ይሰረጉዳል። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሽሮፕና መርፌ ሰጧት። ብርድ ነው ተባልን። ብርድ ከተባለ እኛ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ መዝጋት። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍን። የበሩን ሥር በጆንያ ደፈንን። አልጋዋን ከበሩ ንፋስ አርቀን የኋለኛው ክፍል አስገባነው፤ ከጀርባው ግድግዳ ጋር አስጠጋነው። በዘጋን ቁጥር ባሰባት።

እንጦጦ ጸበል ወስጃት ሁለት ሳምንት ሸራ ውስጥ አብሬያት ሰነበትኩ። ዳነች። በላች፣ ከልጆች ጋር ሮጠች። ቤት በተመለስን በአራተኛው ቀን እንደገና ጀመራት። ያን ጊዜ ልጄን እንደማጣት ልቤ ነገረኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጌታሁንም ጭምር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ዘለቀ ሊጠይቋት መጡ። በሩ ላይ እንደደረሱ ቆሙ። ሰላምታውን ጀምረው ሳይጨርሱት አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«አስካለ፣ እንጦጦ ሳላችሁ የት ነበር የምትተኙት?»

«ሸራ ውስጥ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ብርድ አልነበረም?»

«ኧረ እሱስ! ጥርሳችን ሲንገጫገጭ ነበር የሚነጋው።»

«ልጅቷ ግን ተነፈሰች።»

«ተነፈሰች።»

«የጸበሉን ነገር እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ እሱ ውስጥ አልገባም። ብርድ ቢሆን ኖሮ ግን እንጦጦ ላይ ባልተረፈች ነበር።» ወደ ጌታሁን ዞሩ። «ጌታሁን፣ እስቲ አልጋዋን ሳብ አድርግልኝ።»

አልጋው ተሳበ። ጋሽ ዘለቀ መዳፋቸውን ጋዜጣው ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ አድርገው። ከዚያ ብረታቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ልውጋው?»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ ነው እንጂ ጆንያ አይደለም፤» አለ ጌታሁን እየሳቀ።

«አያለሁ።»

ወጉት። ብረቱ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ሲያወጡት ጥቁርና አረንጓዴ የሆነ ጸጉራም ነገር ይዞ ወጣ። አሸተቱትና ለጌታሁን አፍንጫ አስጠጉለት። ጌታሁን ፊቱን አዞረ።

«አምስት ዓመት ሙሉ ዱቄት ስታበሉት ኖራችሁ፤» አሉ። «ውኃውን ዳገቱ አጠጣው፣ ቀለቡን እናንተ ሰጣችሁት፣ ንፋስ እንዳይነካውም ዘጋችሁለት። ምን ጎደለው? ይቺ ልጅ የምትተነፍሰው ይሄን ሻጋታ ነው።»

ጌታሁን የተሰደበ መሰለው። «ሰው ሁሉ ጋዜጣ ይለጥፋል። የሰው ሁሉ ልጅ ታመመ እንዴ?»

«የሰው ሁሉ ግድግዳ ዳገት አልታከከም። ይሄ ወረቀት እስከ ጭቃው ድረስ ተልጦ መውጣት አለበት።»

ጌታሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ይመልከቱት እንጂ። ማን ማን እንዳለበት አይታይዎትም?»

እውነቱን ነበር። ጋዜጣው ላይ የነበረው የአብዮት በዓል ሰልፍ ነው። በየሁለት ክንዱ የመሪው ፎቶ አለ፤ ጌታሁን ራሱ ነው አስተካክሎ ያሰለፋቸው። በዚያን ጊዜ የመሪውን ፎቶ ቀድዶ ጥሏል የተባለ ሰው ምን እንደሚያገኘው የማያውቅ አልነበረም። አንድ የተቀየመ ጎረቤት ይበቃል።

ጋሽ ዘለቀ ወንበራቸውን ወደ መሐል ስበው ተቀመጡና አሰቡ። «ወረቀትና እርሳስ አምጪልኝ» አሉኝ። በመጋዘናቸው የተበላሸ እህል ሲመልሱ እንደሚጽፉት አድርገው ጻፉ። «ከላይ በተጠቀሰው ቤት የሚገኘው የጀርባ ግድግዳ በናሙና ተመርምሮ የሻገተ ሆኖ ስለተገኘ ከሰው ጋር አብሮ ሊቀመጥ አይገባውም።» ቀን ጻፉበት፤ ፈረሙበት።

በማግሥቱ ትዕግሥትን አዝዬ አብሬያቸው ቀበሌ ሄድኩ። ጌታሁን ሥራ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጓድ ዘለቀ፣ ግድግዳ መርማሪ ያደረገዎት ማነው?»

«ይቺ ልጅ ናት። ደረቷን ይስሙት።»

አልሰማም ማለት አይቻልም ነበር። ሲር ሲር የሚለው ክፍሉን ሞልቶታል።

«ግድግዳው ላይ ያለው ምን ጋዜጣ ነው?»

«የአብዮት በዓል ነው። ሰልፉ አለ፣ ታንኩ አለ፣ ጓድ ሊቀ መንበሩም አሉ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «የጓድ ሊቀ መንበሩን ፎቶ ልቅደድ ነው የሚሉኝ?»

«ኧረ ቅደዱ አላልኩም! ሻግቷል ነው ያልኩት። ጉንጫቸው ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። እዚያው ይቆይ ካሉ እሺ፤ እዚህ ጋ፣ ከታች፣ 'ፎቶው እንደሻገተ እንዲቀመጥ ተፈቅዷል' ብለው ይፈርሙልኝ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ በሩን አየ። ጋሽ ዘለቀ ብዕሩን አንሥተው በትሕትና ዘረጉለት። አልተቀበላቸውም። የራሱን ሌላ ብዕር ከኪሱ አወጣና «በክብር ተነሥቶ እንዲወገድ» ብሎ ጻፈ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት መቼ እንደሳቅሁ አላስታውስም።

ጋሽ ዘለቀ እኔንና ትዕግሥትን ከቤት አስወጡን። «አቧራው ሲነሣ እዚህ አትገኝም» ብለው እሳቸው ቤት፣ ባለቤታቸው ጋ፣ ሦስት ሳምንት አስቀመጡን። አፍና አፍንጫቸውን በእርጥብ ጨርቅ አስረው ከጌታሁን ጋር ወረቀቱን ላጡ። አምስት ዓመት የለጠፍነው ጋዜጣ እንደ ቆዳ ተያይዞ ነበር የሚወርደው። ከዚያ ግድግዳውን በበረኪና አጠቡት፣ የበሰበሰውን ምርጊት ፍቀው በአዲስ መረጉት፣ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፈሩለት፤ ጎርፉ ዞሮ እንዲሄድ።

«አሁን የቀረው አየር ነው፤» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «መውጫ ከሌለው ተመልሶ ይመጣል።»

የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም። መስኮት ለማውጣት ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ነው፤ ክረምቱ በር ላይ ደርሷል። አንድ ቅዳሜ ጌታሁን ሥራ ላይ ሳለ ጋሽ ዘለቀ ብቻቸውን መጥተው ከጣራው ሥር፣ በጀርባው ግድግዳ ላይ፣ የደብተር ያህል ቀዳዳ ከፈቱ። ጌታሁን ሲመለስ ቀዳዳውን አየና በሩን ቶሎ ዘጋው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ከቤት ያስወጡናል እኮ!»

«የበሳሁት እኔ ነኝ። የሚጠይቅ ካለ ወደ እኔ ላከው።»

በአራተኛው ቀን የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ወሰዷቸው። «የመንግሥት ንብረት ማፍረስ» ተባለ። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ባለው ክፍል አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ከባለቤታቸው ጋር ምሳ ይዤ ስሄድ በበሩ ስንጥቅ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው።

«ቀዳዳው አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«እሷስ?»

«ትናንት ሳትነቃ አደረች።»

«በይ ሂጂ፤ ወጡ እንዳይቀዘቅዝብኝ።»

ሰፈሩ ሁሉ ማን ጠቆመባቸው እያለ ሲጠይቅ ሰነበተ። ብዙው ሰው ባለ በርበሬዋን ሴትዮ ጠረጠረ። እኔም ሰላምታ ነፈግኋት። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ጸሐፊው አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ቀዳዳውን ካየ በኋላ ትዕግሥት ወለሉ ላይ ስትጫወት ትንሽ ቆሞ ተመለከታት፤ «ሽቦ ይወጠርበት» ብሎ ሄደ።

ጋሽ ዘለቀ በተፈቱ ቀን ቤታቸው ሳይገቡ እኛ ቤት መጡ። ጢማቸው አድጎ፣ ካፖርታቸው ተጨማድዶ ነበር። ጌታሁን ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ እንጂ ወደ እሳቸው አልሄደም፤ መሬት መሬቱን ያያል። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል ገብተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

«ጌታሁን፣ ና እስቲ።»

መጣ። እጁን ይዘው ከእጃቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ አስቀመጡለት።

«ደርቋል?»

«ደርቋል፤» አለ ጌታሁን። እዚያው ግድግዳው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ጋሽ ዘለቀ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። የልጁ መዳን ነው ያስለቀሰው ብዬ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ትዕግሥት ጨርሳ ዳነች ለማለት አልችልም። አቧራ ሲነሣ ዛሬም ደረቷ ይጠብባታል። ግን ያን ክረምት ተኝታ አደረች፤ ከዚያ በኋላ ያለውንም። ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ጋሽ ዘለቀ ወደ ላምበረት፣ ወንድ ልጃቸው ዘንድ እስከተዛወሩ ድረስ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እየመጡ ግድግዳችንን በብረታቸው ይወጉት ነበር። ጌታሁን ከዚያ በኋላ ጋዜጣ ለጥፎ አያውቅም፤ በኖራ ነጭ ብቻ ነው የቀባው። ጋሽ ዘለቀ ሲመጡ ሁልጊዜ ብድግ ብሎ ነበር የሚቆመው። አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

ጌታሁን ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው፣ አልጋ ላይ ሳለ፣ «አስኩ፣» አለኝ፣ «ቀዳዳውን ለቀበሌ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

የቱን ቀዳዳ አልኩት።

«ከሥራ ስመለስ ቀበሌው በር ላይ ስደርስ ፍርሃት ያዘኝ። ልጄ ታማ ሜዳ ላይ ብንጣልስ ብዬ ገባሁ። በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። 'ወደ እኔ ላከው' ብለውኝ የለ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።»

እነግርልሃለሁ አልኩት። ሞተ። ስምንት ወር ለቅሶዬ ከቁጣ ጋር ተደባልቆ ከረመ። ሰው መጥቶ ስለ ደግነቱ ሲያወራ በልቤ ያ አሥራ አንድ ቀን ይመጣብኛል፤ የበርበሬዋ ሴትዮ ፊት ይመጣብኛል። ላምበረት ድረስ ሄጄ ለጋሽ ዘለቀ ለመንገር እግሬን አመመኝ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ሳልነግራቸው አረፉ።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ለሮማን ነገርኳት። ሁሉንም። አቀርቅራ ሰማችኝ። ስጨርስ ትገነፍላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብላ እጄን ያዘችው።

«አባዬ እኮ ያውቅ ነበር፣ እትዬ። ቀበሌ ሲታሰር የጋሽ ጌታሁንን ጽሑፍ ፊቱ ነው ያነበቡለት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«ካደግሁ በኋላ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ እኔም ይሄንኑ ጠየቅሁት። 'ባወጣው ጌታሁን በኀፍረት ሰፈሩን ለቅቆ ይሄዳል፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ሌላ ደረቅ ግድግዳ ከየት ታገኛለች?' አለኝ።»

ያን ቀን፣ ጌታሁን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልቆጣ አለቀስኩለት።